ዛፍ ዛፍ የሚል ለስላሳ

ሱቅ ሄዳችሁ «ዛፍ ዛፍ የሚል ለስላሳ አለ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የአዲስ አበባ ባለ ሱቅ መጀመሪያ በትክክል የሰማ አይመስለውም። ስትደግሙለት ፊታችሁን ያያል። ከፊታችሁ የሕመም ምልክት ሲያጣ እጃችሁን ያያል። እጃችሁ ላይ ብር ካለ ደግሞ «የለም» የሚለው ቃል ከአንደበቱ አይወጣምና «አናናስ አለ» ይላችኋል። አናናስ ዛፍ ላይ እንደማይበቅል ብታስረዱት፣ «እንግዲያው አምቦ ውሃ ግዛና ዛፍ ሥር ተቀምጠህ ጠጣዋ!» ይላል። ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉት ይስቃሉ። በማግስቱ በዚያ ስታልፉ ቅጽል ስም ወጥቶላችኋል።

ይህን ጦስ ያመጣብኝ የሰፈራችን ኢንጂነር ናቸው። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ተልከው ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ዲፕሎማቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ትዝታቸው ግን አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እጃቸው ላይ ነው። ድልድዩም፣ ባቡሩም፣ ዳቦውም እዚያ ይሻል ነበር። ይህንን ለምደነዋል። አንድ ቀን ለስላሳ ይዘን ሲያዩን ግን «እናንተ ደግሞ ለስላሳ መቼ አውቃችሁ!» አሉና ስለ ባይካል አጫወቱን። ባይካል የሶቭየት ፋብሪካዎች ለአሜሪካኖቹ ኮላ መልስ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ጠቆር ያለ ለስላሳ ነው። ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልና የሎሚ ዘይት አለበት፤ ከሁሉም የሚገርመው ግን የባሕር ዛፍ ዘይት የሚገባበት መሆኑ ነው።

«ባሕር ዛፍ? ይሄ የእኛው?»

«አዎ፣ ባሕር ዛፍ! ጋዝ ያለው፣ በጠርሙስ!» አሉ፣ ራሳቸው ቀምመው ያሸጉት ይመስል።

በዚያው አላበቁም። በጸደይ መግቢያ ቤሪዮዛ የሚሉትን ነጭ ግንድ ያለውን ዛፍ ይበሱትና ከግንዱ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያጠራቅማሉ፤ በሦስት ሊትር የብርጭቆ ማሰሮ ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። ምን ምን እንደሚል ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና «ውሃ ውሃ ይላል፤ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ውሃ» አሉ። አንዱ ጎረምሳ «ታዲያ ጋሼ፣ ውሃውን በስኳር ቢጠጡት ምን ነበረበት?» አለ። የዚያን ዕለት ጨዋታ እዚያ ላይ ተበላሸ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ስለ ዛፍ መጠጥ ሳነሣባት ሳቀች። አሜሪካኖቹ ሩት ቢር የሚሉት ለስላሳ አላቸው፤ በጥንቱ አሠራር ጣዕሙ ሳሳፍራስ ከሚባል ዛፍ የሥር ልጥ ነበር የሚመጣው። በልጡ ውስጥ ያለው ሳፍሮል የሚባል ዘይት ለጤና ያሰጋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1960 ለምግብና ለመጠጥ እንዳይውል ስለተከለከለ፣ ዛሬ የሚሸጠው ወይ ሳፍሮሉ የወጣለት ነው ወይ አስመስለው የቀመሙት። ወደ ፔንሲልቬንያ ሲኬድ ደግሞ በርች ቢር አለ፤ ያው የኢንጂነሩ ቤሪዮዛ ዘመድ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ አንዴ ቀምሳዋለች። «እማዬ ጉልበቷን የምትቀባውን ቅባት ነው የሚሸተው፤ እንግዳ ሆኜ ነው እንጂ እተፋው ነበር» አለችኝ። ስም አላጠፋችም። የበርች ልጥ ዘይት አብዛኛው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚቀባው ቅባት ውስጥ የሚገባውም እሱ ራሱ ነው። አፍንጫዋ ኬሚስትሪ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ቅናት ያዘኝ። የሞስኮ ክረምት ባሕር ዛፍን በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል፤ ግን በጠርሙስ ጠጡት። እኛ ኅልውናችንን ያቆምነው በባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ ማገዶ አልቆባቸው ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ነው አዲስ አበባን ባለችበት የተከላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ሠራንበት፣ አጥር አጠርንበት፣ እንጀራ ጋገርንበት፤ ዐሥር ፎቅ ለመሥራት የወጣነው በእሱ መወጣጫ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ብርድ ልብስ ተከናንበን እንታጠነዋለን። ከእንጦጦ ሴቶች ጀርባ ላይ ለትውልድ አልወረደም። ለመጠጥ ሲሆን ግን አንድ ጠርሙስ እንኳ የለም! (ቅጠሉን ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ ታዲያ። የባሕር ዛፍ ዘይት በጥቂቱም ቢሆን ከተጠጣ ይመርዛል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ አደገኛ ነው። የሶቭየቶቹ በጠብታ የተመጠነ፣ መዓዛ ለመስጠት ያህል ብቻ ነው። እኔ የቀናሁት በለስላሳው ነው እንጂ በመርዙ አይደለም።)

ስለዚህ ፍለጋ ወጣሁ። ፍለጋ ደግሞ ሕግ ያስፈልገዋልና ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ ፍሬ አይቆጠርም። ፍሬ ከተቆጠረ ማንጎውም ዛፍ፣ ብርቱካኑም ዛፍ፣ አቮካዶውም ዛፍ ሆኖ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ያልቃል። የምፈልገው ልጥ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ሙጫ ወይም ጭስ ነው። ይህን ሕግ ለአንድ ጁስ ቤት አሳላፊ ሳስረዳው በትዕግሥት ሰማኝና ስፕሪስ አመጣልኝ። ከሥር አቮካዶ፣ ከመካከል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ አናቱ ላይ ቪምቶ ፈሶበታል። ማንኪያውን ብተክልበት ቆመ። የስፕሪስን ነገር ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ፤ በማንኪያ የሚበላን ነገር መጠጥ ብሎ የጠራው ሰው ግን ቢገኝ የምጠይቀው ነበረኝ።

ከፋብሪካ ጠርሙስ ጀመርኩ። ቀላሉና ሁሉም እጅ ላይ ያለው ኮካ ኮላ ነው። ኮላ በምዕራብ አፍሪካ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለውን መራራ ዘር እዚያ ያሉ ሰዎች ለዘመናት ሲያኝኩት ኖረዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ያቀርቡታል። የመጠጡ ስም ግማሽ ከዚያ ዛፍ የመጣ ነው። ፋርማሲስቱ ጆን ፔምበርተን የቀመመው ይህ መጠጥ አትላንታ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ በብርጭቆ አምስት ሳንቲም መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1886 ነው ይባላል። እኔ ሥራ ፈት ስለሆንኩ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ ግንቦት 1 ቀን 1878 ዓ.ም. ሆነ። ግንቦት ልደታ! እኛ ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን፣ ከቤት ወጥተን ዛፍ ሥር በምንሰበሰብበት ቀን አትላንታ ላይ የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ተቀዳች። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ኅዳር 1879 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ኮካ ኮላ ለከተማችን የጥቂት ወራት ታላቋ ናት፤ አንቱ ልንላት ይገባን ይሆናል። ያም ሆኖ ቀምሼ ቀምሼ የዛፍ ወሬ አጣሁባት። ስኳሩ አፍ አፉን ይዞታል።

ቀጥሎ ወደ አንድ ሆቴል ባር ጎራ አልኩና ቶኒክ አዘዝኩ። የቶኒክ ምሬት ኩዊኒን ነው፤ ኩዊኒን ደግሞ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ልጥ ነው የሚወጣው። አያቶቻችን ለወባ የዋጡትን እኛ በበረዶ እንጠጣዋለን። እንግሊዞች ሕንድ ሳሉ መድኃኒቱ አልዋጥ ቢላቸው በጂን አባብለው ጠጡት፤ ጂኑን የሚያሸትተው ደግሞ የጥድ ፍሬ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥርና በመናገሻ ደን የቆመው ጥድ የአጎት ልጅ መሆኑ ነው። አስተናጋጁ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። «እንግዲያው ጂን ቶኒክ ይሁንልህ፣ ከነሎሚው ሦስት ዛፍ በአንድ ብርጭቆ!» አለ። እውነቱን ነው። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ለሦስቱም ችግኝ ከነአጥራቸውና ከነዘበኛቸው ያስከፈሉኝ መሰለኝ። ለማንኛውም ሲንኮና በሕጌ መሠረት አልፏል፤ ልጥ ነው፣ ይመርራል፣ ምላስ ጎንና ጎን ላይ ይቆያል። ዛፍ የሚባለው ጣዕም እንዲህ ነው።

ጂን ካነሣሁ አይቀር፣ አንዱ ጓደኛዬ የዛፍ መጠጥ እንደምፈልግ ሰምቶ ምሽት ላይ በኩራት አንድ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ባለዛፍ ኡዞ ነው። «ስሙን አንብበው እንጂ!» አለኝ። የኡዞ ሽታ ከአኒስ ነው፤ አኒስ ደግሞ ከዛፍ ወገን ያልሆነ ትንሽ ተክል ነው። ይሁንና እንግዳ አይመለስምና ፍለጋው ለዚያ ምሽት ተቋረጠ።

እውነተኛው ድንጋጤ የመጣው ከማልጠብቀው ቦታ ነው። አንድ ቀን የብርቱካን ለስላሳ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አነበብኩ። ማንም ሰው ይህን አድርጎ ደስ ብሎት አያውቅም። ከስኳሩና ከቀለሙ ቀጥሎ ኢ 414 እና ኢ 445 የሚል ቁጥር አለ። ኢ 414 የግራር ሙጫ ነው። በቃ፣ ያው ልጅ ሳለን ከግራር ግንድ ላይ እየላጥን ስናኝከው የነበረው! ነገሩ እንዲህ ነው፦ የብርቱካን መዓዛ ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይት ደግሞ ከውሃ ጋር አይታረቅም፤ ብቻውን ከተውት አንገት አንገቱን ይዞ ላይ ይንሳፈፋል። ሙጫው በመካከላቸው ሽማግሌ ሆኖ ገብቶ ያስታርቃቸዋል። ኢ 445 ደግሞ ዘይቱ ከበድ ብሎ እንዳይንሳፈፍ የሚደረግበት ነው፤ የሚሠራው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከተቆረጡ ፓይን የሚባሉ ዛፎች ጉቶ ተነቅሎ ከሚወጣ ሙጫ ነው። ጉቶ! እኔ በየሱቁ ዛፍ እየለመንኩ ስስቅበት የነበረው የብርቱካን ለስላሳ ለካ በሆዱ ሁለት ዛፍ ይዞ ዝም ብሏል።

የግራር ሙጫ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዓለም ብዙውን የሚያወጣው ሱዳን ነው፤ ከእኛም ቆላ ይወጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል፣ ብዙ ነገር ሲከለከል ሙጫው ተፈቅዶ ቀረ፤ ያለ እሱ ለስላሳ መሥራት ከባድ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በዋሽንግተን የሱዳን አምባሳደር በጋዜጠኞች ፊት የኮላ ጠርሙስ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ማዕቀቡ ከጠበቀ ሙጫውን ልናስቀር እንችላለን የሚል ነገር ተናገሩ። በታሪክ ጦር ተመዝዟል፣ ነዳጅ ተዘግቷል፤ በሙጫ ማስፈራራት ግን የእኛ አካባቢ ፈጠራ ነው።

ይህን ለኢንጂነሩ በደስታ ብነግራቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ሶቭየት ቢሆን ኖሮ ዛፉን በትልቁ ጽፈው፣ ሥዕሉን ጠርሙሱ ላይ ለጥፈው ነበር የሚሸጡት፤ እነዚህ ደብቀው ያጠጧችኋል» አሉ። ከንግግራቸው ሁሉ እውነት አለበት ብዬ የተቀበልኩት ይህንን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሙጫው ጣዕም የለውም። ዛፍ አለ፣ ዛፍ ዛፍ ግን አይልም። በሕጌ መሠረት ወደቀ።

ከጠርሙስ ተስፋ ስቆርጥ ወደሚፈላው ዞርኩ። ሱፐርማርኬቱ ሽፈራው ሻይ አለው። ሽፈራው የኮንሶ ዛፍ ነው፤ ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ከእህል ጋር ያበስሉታል፤ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ለምለም ነው። ለምግብነት ክብሩን አልነካም። በሻይ መልክ ግን የጎመን እጣቢ ይላል፤ ሚስት «ምን እየጠጣህ ነው?» ስትል «ሽፈራውን» ብሎ መመለስም ለትዳር አይመከርም።

የቡና ቅጠል ሌላ ነገር ነው። እኛ የመሀል አገር ሰዎች ከቡና ዛፍ የምናውቀው ፍሬውን ብቻ ነው፤ ሐረሮች ግን ቅጠሉን ቆልተው፣ አድቅቀው፣ አፍልተው፣ ወተት ጨምረው ቁጢ ይሉታል። በከፋና በቤንች በኩል ደግሞ ለጋውን ቅጠል ከቅመማ ቅመምና ከቃሪያ ጋር ወቅጠው ጨሞ ያፈሉታል። አዲስ አበባ ላይ ቁጢ በካፌ ዝርዝር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሐረር ሰው ቤት መግባት ያስፈልጋል። ገባሁ። የቤቱ እናት ቅጠሉን ምጣድ ላይ ሲያምሱት የተነሣው ሽታ ገና ሳይፈላ አሳመነኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሣር ሣር ይላል፣ ከዚያ ወተቱ ሲገባ ይለዝባል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠልን አፍልቶ መጠጣት በገበያው የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይህን ስነግራቸው እኚህ እናት ሲኒዬን ደግመው እየሞሉ «አልሐምዱሊላህ፣ እስከዛሬ በስርቆት ነው ስንጠጣ የኖርነው በለኛ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ መርካቶ ወርጄ ከቅመምና ከባህል መድኃኒት ሻጮች መካከል ተገኘሁ። ዛፍ ዛፍ የሚል መጠጥ ከተባለ በዚህች አገር ዙፋኑ የማን እንደሆነ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ እያወቅሁ ስሸሸው ነበር። ኮሶ። ረጅም ዛፍ ነው፣ ከደጋም ደጋ ላይ የሚበቅል፤ ቀዩ የሴቴ አበባው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ ከመውደዳችን የመጣውን የሆድ ትል የሚያወርድልን እሱ ነበር። በሁለት ወር አንዴ የኮሶ ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ሰው አይጠራም፣ አይከሰስም፣ እንግዳ አይቀበልም። «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ባለ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ የተከበረ የዕረፍት ፈቃድ ዛሬ ማንም መሥሪያ ቤት አይሰጥም። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሷችን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ክኒኑ መጥቶ እስኪያወርደው።

ከመደቡ ላይ የተጎነጎነውን ቀይ አበባ ባየሁ ጊዜ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ሻጯ እናት «ለስንት ሰው ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ለእኔ ነው እማማ። ለጣዕሙ ነው የፈለግሁት።»

እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «ለምኑ?»

«ለጣዕሙ።»

አጠገባቸው ወዳለችው ሻጭ ዘወር አሉና «ነይማ ስሚ፣ ይሄ ልጅ ኮሶ ሊያጣጥም መጣ» አሏት። ከዚያ ለእኔ በለሆሳስ፣ «ሚስት አለችህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ለምን እንደጠየቁ እስከዛሬ አልገባኝም። መጠኑ ካለፈ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል ብለው አስጠንቅቀው፣ ጫፏን ብቻ ቆንጥረው ምላሴ ላይ አደረጉልኝ። እንጨቱም፣ ልጡም፣ ቅጠሉም፣ ደኑ በሙሉ አለበት። ምሬቱ መጀመሪያ የሚመጣ አይደለም፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ መሄጃውን አያውቅም። ከመርካቶ እስከ ፒያሳ አብሮኝ ተሳፍሮ ወጣ። እኔ የከፈልኩት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አፌን ለማስታገስ አንድ ወተት ቤት ገብቼ እርጎ አዘዝኩ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እርጎው ጭስ ጭስ ይላል። ባለቤቷን ጠየቅኋት፤ ዕቃው በወይራ መታጠኑን ነገረችኝ፤ ማን ይህን ይጠይቃል በሚል አነጋገር። የወይራ ፍልጥ ይለኮሳል፣ ነበልባሉ ይጠፋል፣ የወተቱ ዕቃ ጭሱ ላይ ይደፋል። ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ያቆየዋል፣ ያጣፍጠዋል። ስንት ዘመን ጠጥቼዋለሁ! ዛፍ እንደምጠጣ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ምክንያቱም ለማንም ወሬ አይደለም።

ከዚያ ወደ ጠላ ቤት መሄድ ግድ ሆነ። ደጃፉ ላይ በእንጨት አናት የተደፋ ጣሳ ያለበት፣ ወንበሩ የሚወላገድ፣ ጠማቂዋ እናት ሁሉንም «አንተ» የሚሉበት ቤት። «እማማ፣ ዛፍ ዛፍ የሚል መጠጥ እየፈለግሁ ነው» አልኳቸው። አልሳቁም። «ዛፍ የሌለበት ጠላ የት ታውቃለህ?» አሉኝና እየቆጠሩ ያስረዱኝ ጀመር። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ግራዋ ራሱ መራራ ዛፍ ነው፣ የጋኑን ሆድ ፈትጎ ያጠራል። ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይወቀጣል፣ ከብቅሉ ጋር ተጠንስሶ ቀናት ይቆያል፤ ምሬቱንም ፍላቱንም የሚሰጠው እሱ ነው። አሻሮው የሚታመሰው፣ እንኩሮው የሚነኮረው፣ ቂጣው የሚጋገረው በምን እሳት ነው? በባሕር ዛፍ! «ቅጠሉ ቶሎ ይነዳል፣ ለምጣድ እሱን የሚያህል የለም» አሉ። ያ በሞስኮ በጠርሙስ ሲሸጥ ቀናሁበት ያልኩት ዛፍ እዚህ ከድፍድፉ በታች ተጎንብሶ ሲያገለግል ኖሯል።

ጉሽ ቀዱልኝ። ያልጠራ፣ ደፍረስ ያለ፣ ከላይ ቀጭን አረፋ ያለው። መጀመሪያ ጭሱ ደረሰ፤ ወይራ ነው፣ እርጎው ላይ ያገኘሁት፣ እዚህ ግን ጠንከር ብሎ። ቀጥሎ የአሻሮው የተቆላ ጣዕም። በመጨረሻ ጌሾው ከጉሮሮ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ፤ እንደ ኮሶ አይሳደብም፣ ያሳስባል እንጂ። ጠጁስ? አልኳቸው። ጠጅ ላይ የሚገባው የጌሾ እንጨቱ ነው፤ ብርዙ ውስጥ ተከታትፎ ይነከራል። ማሩስ? ንቧ የባሕር ዛፍ አበባ ትወዳለች፤ የደጋው ማር ብዙው ከእሱ ነው። አንዳንዱ የብሳና ነው፣ አንዳንዱ የግራዋ ሆኖ መረር ይላል። እንግዲህ ለልጅ የሚቀዳው ያልፈላ ብርዝ ራሱ የባሕር ዛፍ ለስላሳ ነበር ማለት ነው፤ ጋዙ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ሳሰላስል ጣሳዬ ባዶ መሆኑን እማማ ቀድመውኝ አይተው ደገሙልኝ። እኚህ ሴት አንድም ቀን የማስታወቂያ ትምህርት አልተማሩም፤ ከአራት ዛፍ የተሠራ መጠጥ እየሸጡ በራቸው ላይ የሰቀሉት ዝገት የበላው ጣሳ ነው።

ኢንጂነሩን በሚቀጥለው እሑድ ይዣቸው ሄድኩ። ሁለት ጣሳ ድረስ ዝም አሉ። በሦስተኛው ላይ «ባይካል ጭስ አልነበረውም» አሉ። ከእሳቸው አንደበት እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ በሰፈራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ከጠርሙሱ ቶኒክ ያልፋል፤ የብርቱካን ለስላሳው በዛፍ ያልፋል በጣዕም ይወድቃል፤ ቁጢ የሐረር ሰው ወዳጅ ላለው ነው፤ ኮሶ ከውድድር ውጭ ነው፣ ለጤናችሁ ስትሉ እዚያው ይቆይ። አንደኛ ጉሹ ነው። ለስላሳ ለምታሽጉ ሁሉ ደግሞ ልመና አለኝ፦ የባሕር ዛፍ ማር ብርዝ በወይራ በታጠነ ዕቃ አድርጋችሁ፣ በአምቦ ዓይነት ውሃ አቅጥናችሁ አንድ ጠርሙስ አውጡልን፤ ዛፉን በትልቁ ጻፉበት።

እስከዚያው ጠላ ቤት ስትሄዱ ከመቀመጣችሁ በፊት «ጋኑ ታጥኗል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አጥኜዋለሁ» ካሏችሁ ተቀመጡ። «አሁን ማን ያጥናል፣ ወይራው ተወዷል» ካሏችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ጣሳ እለፉ። ደግሞ ከቀትር በፊት ሂዱ፤ ጉሹ ቶሎ ያልቃል።